ለሚጡ ማገገም ባለውለታችን የሆነችው የጅማዋ የእንስሳት ጤና ባለሙያ

ትናንት ድመታችን ሚጡ አጥሩ ላይ ወጣች። እኔና እማዬ በረንዳ ላይ ቆመን እያየናት እንባችን መጣ። ከአንድ ወር በፊት ይህን እናያለን ያለ አልነበረም።

ሚጡን ለዚህ ያበቋት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ኦፕራሲዮን ያደረገላት ሐኪም ነው። እሱን በአካል ሄጄ አመስግኜዋለሁ። ሁለተኛዋ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ 12 ቀን ሙሉ እግሯ ከቤታችን ያልጠፋው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። ጅማ ውስጥ ድመት ወይም ውሻ ያላችሁ ሁሉ እንድታውቋትም እፈልጋለሁ።

ሚጡ 5 ዓመቷ ነው። ቆጪ ሰፈር ባለው ቤታችን ማድቤት ውስጥ ነው የተወለደችው። ክረምቱ ሲገባ ምግብ ተወች። ውሃ ግን አሁንም አሁንም ትጠጣለች። ሆዷ ነፋ ሲል አርግዛለች ብለን ዝም አልን። በኋላ ከስሯ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ አየንና ደነገጥን። ለካ ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ኖሯል። ሐኪሙ እንዳስረዳን ይህ ያልመከነች ድመት ላይ የሚመጣ በሽታ ነው። ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት ባክቴሪያ ማህፀኗ ውስጥ ይራባል። ማህፀኑ ከፈነዳ ወይም መመረዙ ወደ ደም ከዘለቀ ትሞታለች። ስለዚህ ማህፀኗና የእንቁላል ከረጢቶቿ መውጣት ነበረባቸው። እሱ ጋ ከመድረሳችን በፊት አንድ ቦታ «ለድመት ብለሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው? ሌላ ታመጪ የለ!» ተብዬ ተመልሻለሁ። ያን ቀን ሆድ ብሶኝ ነበር።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ሐኪሙ ሚጡን ሲያስረክበን «ማታ ግራ ከገባችሁ ለዚህች ልጅ ደውሉላት፤ ቤት ድረስ ትመጣለች» ብሎ ስልክ ሰጠን። ልጅቷ አብዛኛውን ጊዜ የምታክመው በከተማዋ ዙሪያ ያሉ ላሞችንና በጎችን ነው። እውነቱን ልናገርና ለድመት ብላ ማታ ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ሚጡ ካርቶኗ ውስጥ ተዘርራለች። ዓይኗ ክፍት ነው፤ ግን አያይም። ጆሮዋ በረዶ ሆኗል። እማዬ «ሞታለች ልጄ» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሳች። መጀመሪያ ያለችኝ «አይዞሽ፣ በማደንዘዣ ጊዜ የድመት ዓይን አይከደንም» የሚል ነው። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ እጄን ሚጡ ጎን ላይ አስደርጋ ትንፋሿን ለ1 ደቂቃ አስቆጠረችኝ። 22 ሆነ። «ከ30 በታች ነው፣ ጥሩ ነው። አሁን ከንፈሯን ገለጥ አድርጊና ድዷን እይ።» በስልክ መብራት አየሁት። ፈዛዛ ሮዝ ነው። ነጭ ወይም አመድ ቢመስል ኖሮ ወዲያው ወደ ሐኪም መሮጥ ነበረብን። የውስጥ ደም መፍሰስ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ድዷ ነው።

«ችግሯ ብርድ ነው» አለች። ማደንዘዣ የሰውነትን ሙቀት ያወርዳል። ጤነኛ ድመት 38 እና 39 ዲግሪ አካባቢ ናት፣ ከእኛ ትሞቃለች። በሃይላንድ ፕላስቲክ ለብ ያለ ውሃ ሞላን፣ በፎጣ ጠቀለልን፣ ከጀርባዋ አስጠጋን። ፕላስቲኩ ቆዳዋን በቀጥታ እንዳይነካት ሦስት ጊዜ ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ። የደነዘዘ እንስሳ ሲቃጠል መሸሽ አይችልም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውጪ ባጃጅ ቆመ። በዝናብ ነው የመጣችው፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። እስከ 5 ሰዓት ካርቶኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ሚጡ አንገቷን ቀና ስታደርግ ነው ተነስታ የሄደችው።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን በማግስቱ የሆነው ነው። ሚጡ ታቃስታለች። አንድ የምናውቀው ሰው «ግማሽ ፓራሲታሞል በውሃ በጥብጠሽ አጠጫት፣ ለሕፃንም ይሰጥ የለ» አለኝ። በማንኪያ በጥብጬ ጨርሼ ነበር። እንዲያው ልቤ አልሆን ሲለኝ ደወልኩላት። ድምጿ ተለወጠ። «ድፊው! አሁኑኑ ድፊው!» አለችኝ። በኋላ ቤት መጥታ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን የሚያረክሰው ኢንዛይም እንደ ሰው የለውም። መድኃኒቱ ወደ መርዝነት ይለወጥና ቀይ የደም ሴሎቿን ያበላሻል። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ቡናማ ይሆናል። ግማሽ ፍሬ ብቻውን ሊገድላት ይችላል። አይቡፕሮፌንም ቢሆን አይሆንም። ለህመሟ ሐኪሙ በኪሎዋ ልክ ያዘዘላት የእንስሳ ማስታገሻ አለ፣ ከእሱ ሌላ ምንም። እባካችሁ ድመት ያላችሁ ይህን አንድ ነገር ብቻ እንኳ ያዙልኝ።

ዴቶልም እንደዚሁ። እማዬ ለማንኛውም ቁስል ዴቶል ነው የምትለው። ልጅቷ ግን ለድመት መርዝ መሆኑን ነገረቻት። ድመት ገላዋን የምታጸዳው በምላሷ ስለሆነ ቆዳዋ ላይ የተቀባ ሁሉ ሆዷ ይገባል። እማዬን «እማማ፣ ቁስሉን በዓይንዎ ብቻ ይዩት፣ በእጅዎ አይንኩት» አለቻት። ጠዋትና ማታ እናየዋለን፤ ቀላ ካለ፣ ካበጠ፣ ፈሳሽ ካወጣ እንደውላለን። ሌላ ሥራ የለንም።

የሚጡ ሥራ ደግሞ ስፌቱን መላስ ነበር። የድመት ምላስ እንደ ሞረድ ሻካራ ነው፣ ክር ይበጥሳል። አንገቷ ላይ የሚደረግ መከላከያ ፈልጌ አጣሁ። ልጅቷ «ያረጀ የራጅ ፊልም የላችሁም?» አለች። እማዬ ከቁምሳጥኑ የጉልበቷን ራጅ አወጣች። በመቀስ ቆርጣ፣ እንደ ጥራር አጥፋ፣ ጠርዙ አንገቷን እንዳይቆርጣት ዙሪያውን በፕላስተር ሸፈነችው። ሁለት ጣት በአንገቷና በፊልሙ መካከል እንዲገባ ለካች። ሚጡ 12 ቀን የእማዬን ጉልበት አንገቷ ላይ አድርጋ ኖረች። መስኮቱ ጋ ስትቀመጥ ብርሃኑ ያልፍና አጥንቱ ይታያል።

ሦስት ነገር ደግሞ አስለወጠችን። መጸዳጃዋ ውስጥ የነበረውን አሸዋ አውጥተን የተቀደደ ጋዜጣ አደረግን፣ አሸዋው ቁስሉ ውስጥ ይገባል ብላ። ከፍ ያሉ ወንበሮችን ሁሉ ከክፍሉ አወጣን። ወተቱን አስቆመችን፤ ብዙ ትልልቅ ድመቶች ወተት አይፈጩም፣ ያስቀምጣቸዋል።

ምግብ ላይ ተቸገርን። ሁለተኛው ቀን ሙሉ አልቀመሰችም። እኔ ሲርባት ትበላለች ብዬ ነበር። ልጅቷ ግን ይህን ከቁስሉ በላይ ፈራችው። ድመት ለተከታታይ ቀናት ካልበላች የሰውነቷ ስብ ጉበቷ ላይ ይከማችና ጉበቷ ሥራ ያቆማል። በማግስቱ ጠዋት ከገበያ አሳ ይዛ መጣች። ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ጨው ቀቀለችው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመት ደም ስለሚያበላሹ ከወጥ የተረፈ እንኳ አይሰጥም። እሾሁን በጣቷ እየፈለገች ለቀመች። ከዚያ ትንሽ አሞቀችውና የአንገቷን ፊልም ፈታ አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት። ድመት የምትበላው አሽትታ ነው፤ የቀዘቀዘ ምግብ አይሸታትም። ሚጡ አሸተተች። ፊቷን አዞረች። ተመልሳ አሸተተች። ከዚያ የልጅቷን ጣት ላሰችው። ቀጥሎ ትንሽ ቁራሽ ወሰደች። እማዬ «እልል» ልትል ስትል ልጅቷ በምልክት «ዝም» አለቻት።

በ5ኛው ቀን አንዱ የስፌት ጫፍ ቀላ ብሎ አየን። ፎቶ ላክሁላት፣ መጣች፣ አየችው፣ ለሐኪሙ ደወለችለት። ደህና ሆነ። በ12ኛው ቀን ሐኪሙ ፈቅዶ ስፌቱን ፈታችው። ሚጡን በጋቢ ጠቅልላ እማዬ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠቻት፣ ሆዷን ብቻ አስወጣች። እያንዳንዱን ክር ስትቆርጥ «ጎበዝ፣ የኔ ቆንጆ» ትላታለች፣ ለእማዬ ይሁን ለሚጡ አላወቅንም። የተላጨው ሆዷ ላይ አሁን አዲስ ጸጉር ወጥቷል፣ እንደ ሕፃን ጸጉር ለስላሳ ነው።

ስለ ክፍያ ለምትጠይቁኝ፦ ዋጋዋን ከመምጣቷ በፊት በስልክ ትነግራለች። መድኃኒት አትሸጥም፣ ሐኪም ያዘዘውን ታያለች፣ ትሰጣለች። ከአቅሟ በላይ የሆነውን «ይህ የእኔ አይደለም፣ ሐኪም ይየው» ትላለች፣ እኔ በጣም ያመንኳት በዚህ ነው። አሳውን ልከፍላት ስል እምቢ አለች። ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ ውሻ ሁሉንም ታያለች። ሴት ድመት ያላችሁ ደግሞ እንደ እኛ እስክትታመም አትጠብቁ፣ ቀድማችሁ ስለ ማምከን አማክሯት።

ስሟንና ስልኳን እዚህ አላወጣሁም። ስጠይቃት «ለሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ስጪ» ብላኛለች። ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ማታ ቢሆንም ደውሉላት፣ ታነሳለች።

እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እማዬ እግዜር ይስጥሽ ብላሻለች። የራጁን ፊልም አልጣልነውም፣ ሌላ ድመት ቢያስፈልገው መጥተሽ ውሰጂው። አመሰግንሻለሁ፣ ገላቶሚ።