የላንድሮቨሬ የፊት ፍሬን ሲሊንደሮች፦ ከተቀየሩ በኋላ ያየሁት

ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የገዛኋቸውን አራት የፊት ፍሬን ሲሊንደሮች ያስገጠምኩት ያለፈው ክረምት እንደወጣ ነው። አሁን ሌላ ክረምት እየገባ ነው። ለዚህች መኪና ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ እንደዚህኛው ያስደሰተኝ የለም።

መኪናዋ ሲሪስ 3፣ ባለ 109 ኢንች ላንድሮቨር ናት። ፊት ላይ በየጎማው ሁለት ሲሊንደር አላት፤ እያንዳንዱ በውስጡ ባለው ፒስተን አንድ ሸራ ከጎማው ጋር በሚዞረው ታምቡር ላይ ይገፋል። ፍሬን ሲያዝ ወደ ቀኝ ትስብ ነበር። አንዱ ሸራው ነው ይላል፣ ሌላው ባሌስትራው። ታምቡሮቹ ወልቀው ሲሊንደሮቹ ሲለኩ ጉዱ ወጣ። የግራዎቹ ውስጣቸው ከቀኞቹ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠባል! ከእኔ በፊት የያዛት ሰው የተገኘውን አስገጥሞ ነበር።

3 ሚሊ ትንሽ ይመስላል። ግን ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ፖምፓ የሚመጣው ግፊት ለሁሉም እኩል ስለሆነ ጉልበቱን የሚወስነው የፒስተኑ ስፋት ነው። 25.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒስተን 22.2 ከሆነው 31 በመቶ ያህል አብልጦ ይገፋል። ይህን ሸራ መቀየር አያድነውም።

ሲሊንደሩን ትተህ ጎሚኒ ብቻ፣ ማለትም ዘይቱ እንዳያልፍ ፒስተኑ ላይ ያለውን ላስቲክ፣ ቀይር የሚሉ አሉ። የሲሊንደሩ ውስጥ ካልተበላ ያስኬዳል። ዝገት የቦረቦረው ሲሊንደር ግን አዲሱን ጎሚኒ ቶሎ ይቆርጠዋል፣ ዘይቱም ሸራው ላይ ይፈሳል። ስትገዙ ደግሞ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። እኔ አራቱንም ሱቁ በር ላይ በካሊፐር (ስፋት በሚለካው መሣሪያ) ለክቼ ነው የከፈልኩት።

እንደተገጠሙ ፔዳሉ ትንሽ ወረደ። ሰፊ ፒስተን ብዙ ዘይት ስለሚወስድ የሚጠበቅ ነው። ሸራዎቹ ወደ ታምቡሩ ሲጠጉ ተመለሰ።

ትልቁ ፈተና አባይ በረሃ ነበር። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ በከባድ ማርሽ ስወርድ፣ በየመታጠፊያው ፍሬን ስረግጥ መሪው እጄ ላይ ንቅንቅ አላለም። ታች ስደርስ ሸራው ሞቆ ይሸታል። ያ የታምቡር ፍሬን ጠባይ ነው፤ አዲስ ሲሊንደር አይፈታውም። ዳገት ላይ ወደ ኋላ ስትንሸራተትም የፊት ፍሬኑ ደካማ ነው፤ ሁለቱም ሸራዎች ወደፊት ስትሄድ በደንብ እንዲይዙ ነው የተሠሩት።

ቅሬታዬ የአቧራ መከላከያ ጎማዎቹ ናቸው። ቀጫጭን ናቸው፤ የግራው የታችኛው ከአሁኑ መሰንጠቅ ጀምሯል። ጭቃ ለሚነዳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ገልጬ ሳየው ግን ከሥሩ ደረቅ ነው፣ የዘይት ጠብታ የለም። የአቧራ ጎማዎቹን ከሌላ ቦታ ገዝቼ እቀይራለሁ፤ ሲሊንደሮቹን ግን ድጋሚ እገዛቸዋለሁ። የኋላዎቹንም በዚሁ ወር አስወልቄ አስለካለሁ።