ሪሞቱ የካቢኔቱን በር አልፎ እንዲሠራ፦ በሬዲዮ ወይስ በሽቦ?

ዲኮደሩንና አምፕሊፋየሩን ካቢኔት ውስጥ የዘጋ ወዳጄ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ የሪሞት ማራዘሚያ፣ ማለትም የሪሞቱን ትዕዛዝ ተቀብሎ ወደ ካቢኔቱ ውስጥ የሚያሻግር ዕቃ፣ በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራውን ልግዛ ወይስ ባለሽቦውን? ባለሽቦውን። ይህን ያወቅሁት ሁለት ጊዜ ከፍዬ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ገንዘባችሁን አታውጡ። ቴሌቪዥኑና አምፕሊፋየሩ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከተገናኙ፣ ሲኢሲ የሚባል የትዕዛዝ መስመር እዚያው ገመድ ውስጥ አለ። ሳምሰንግ ኤኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ ይለዋል። ከቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ገብቶ ማብራት ነው፤ ዋጋው ዜሮ። ድምፅ መጨመርና መቀነስ ብቻ ለሚፈልግ ይበቃል።

እኔ ግን ቸኩዬ በ433 ሜጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ የላኪና የተቀባይ ጥንድ ገዛሁ። በዚህ ሞገድ የበር ደወሉም የመኪና ቁልፉም ይንጫጫል። ድምፅ ለመጨመር አንዴ ስጫን ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ሦስት ደረጃ ይዘላል። ጥንዱ ሁለት የኤሌክትሪክ አስማሚ ይፈልጋል፤ አንዱ በሦስተኛው ወር ተቃጠለ። ምትኩ የሙሉ ዕቃውን ግማሽ ዋጋ ተጠየቀበት!

ባለሽቦው የዚያን ሲሶ ነው ያስወጣኝ። የሪሞቱን ብርሃን የምትቀበል አንዲት ዓይን ከካቢኔቱ ውጭ ትቀመጣለች፤ በቀጭን ሽቦ የተያያዙት፣ ያንኑ ብርሃን የሚደግሙት ትናንሽ አምፖሎች በየዕቃው ላይ ይለጠፋሉ። ዋጋውን ስታወዳድሩ ለአምፖሎቹ ቁጥር አካፍሉት፤ ሁለት አምፖል ያለው «ርካሽ» ለአራት ዕቃ ሲሰላ ውድ ይሆናል።

አስመስለው ከሠሩት ተጠንቀቁ። በዓይናችን የማይታየው የሪሞት ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 38,000 ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም ይላል፤ ደህና ዓይን ይህን ከሌላው ብርሃን ይለያል። መናኛው ግን የቴሌቪዥኑንም የመብራቱንም ብርሃን ትዕዛዝ እያለ ይቀበላል። ከመክፈላችሁ በፊት አሠርታችሁ አምፖሉን በስልክ ካሜራ እዩት፣ የኋላው ካላሳየ በፊተኛው። ማንም ሪሞት ሳይነካ የሚብለጨለጭ ከሆነ መልሱት።

በዋይፋይ ከስልክ የሚታዘዘውንም ሞክሬአለሁ፤ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ አብሮ ሞተ። ሪሞቱ በብሉቱዝ ለሚሠራ ዕቃ ደግሞ ከእነዚህ ማራዘሚያዎች አንዱም አይጠቅምም።

ባለሽቦውን ስትገጥሙ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ስክሪን ትንሽ አርቋት። የዕቃውን መቀበያ በጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ፈልጉት፤ አምፖሉን በእጅ ይዛችሁ ሞክሩ፣ ማጣበቂያው የሚላጠው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ቀድሜ ልጬ ሁለቱን አበላሽቻለሁ።