«ታርጋ አላትምም» ያለኝ ስቲከር ቤት

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ፣ ከጎሚስታዎቹ ተርታ ገባ ብላ፣ አንዲት ጠባብ ስቲከር ቤት አለች። ለግማሽ ከተማው ባጃጅ ጥቅስ የምትለጥፈው እሷ ናት። የራሷ በር ላይ ግን አንድም ፊደል የለም። እዚያ ደርሳችሁ «ጥቅስ የሚለጥፈው ልጅ» ብትሉ ማንም ያሳያችኋል። ስለዚህች ቤት ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። የወደድኳት መጀመሪያ የጠየቅኳትን ነገር እምቢ ስላለችኝ ነው።

ሥራዬ ቡና ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ እሸት ቡና በሚሰበሰብበት ጊዜ፣ በአለታ ወንዶና በበንሳ መካከል ባሉ ማጠቢያ ጣቢያዎች ስመላለስ እውላለሁ። የምነዳው አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል ነው። አስፋልቱን ለቃችሁ ኮሮኮንቹን ስትይዙ ዲቲ ደስ ይላታል። ታርጋዋን ግን ደስ አይለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዲቲ የኋላ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያው) ረጅምና ፕላስቲክ ነው። መንገዱ በከፋ ቁጥር ጫፉ እንደ ውሻ ጭራ ይወዛወዛል። ታርጋው ስስ አሉሚኒየም ሲሆን በሁለት ብሎን ብቻ ተይዟል። ንዝረቱ መጀመሪያ ብሎኑን የሚያጠብቀውን ዳዶ ያላላዋል። ከዚያ ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ ይሰፋል። መጨረሻ ላይ ከቀዳዳው ጀምሮ ይቀደዳል። ባለፈው ኅዳር የእኔው በንሳ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ቀረ። ማታ ቤት ስደርስ ሁለቱ ብሎኖች በየቦታቸው ቁጭ ብለዋል፤ እያንዳንዳቸው ጥፍር የምታህል አሉሚኒየም ነክሰው።

በማግሥቱ ፈጣን መላ ፈለግሁ። አንድ ሌላ ማተሚያ ቤት፣ ስሙ ይቅርብኝ፣ የታርጋዬን ፎቶ ከስልኬ ላይ አይቶ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ስቲከር አወጣልኝ። ቀለሙ፣ ኮዱ፣ ቁጥሩ፣ ቁርጥ ዋናውን። 300 ብር ከፍዬ ፓራፋንጎው ላይ ለጠፍነው። እውነቱን ለመናገር ከድሮው ያምር ነበር። አይንኳኳም፣ አይቀደድም። ሰው ሁሉ ለምን እንዲህ አያደርግም እያልኩ በራሴ ብልጠት ተደሰትኩ።

ብልጠቴ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ቱላ ላይ ትራፊክ አስቆመኝ። መንጃ ፈቃድ አለ። ሊብሬ አለ። ቦሎ አለ። ሰውየው ወደ ኋላ ዞረና የስቲከሩን ጫፍ በጥፍሩ ጫር አደረገው። ተነሣ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ታርጋ ነው ወይስ ማስታወቂያ?»

ምን ልበል? ክሱን ጻፈልኝ። ትክክለኛው ታርጋ እስኪተካ ሞተሯ ከግቢ እንዳትወጣም ነገረኝ። መጥፋቱን ለፖሊስ አመልክቼ፣ ማስረጃውን ይዤ፣ ምትክ ጠየቅሁ። ስንት ቀን እንደፈጀ አልነግራችሁም። የዚያ ዓመት ቡና ግን ተለቅሞ አልቋል።

ያኔ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ ስለ ታርጋ ሳነብ ከረምኩ። እኛ አገር ጉዳዩን የሚመለከተው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ታርጋ የሚሰጠው የመዘገባችሁ አካል ነው። ከዚያ ውጭ የመጣ ነገር፣ ቁጥሩ አንድ በአንድ ትክክል ቢሆንም፣ ታርጋ አይባልም። ቦሎም ስቲከር አይደል እንዴ ብዬ ከራሴ ጋር ተከራክሬ ነበር። ነው። ግን ቦሎን ማተሚያ ቤት ሄዶ የሚያሠራ ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን።

የአክስቴ ልጅ እንግሊዝ አገር ይኖራል። ቅዳሜና እሑድ አሮጌ ላንድሮቨሩን ጭቃ ውስጥ እየነዳ ይዝናናል። (አገሩ ሁሉ ኮሮኮንች ለሆነበት ሰው ይሄ መዝናኛ በቀላሉ አይገባውም።) ደውዬ ብሶቴን ስነግረው ሳቀ። ለካ እነሱም ዘንድ ያው ጣጣ አለ። የፊት ታርጋቸውን ድንጋይና ቁጥቋጦ ይሰብረዋል። ስለዚህ ስቲከር መለጠፍ የሚያምራቸው ብዙ ናቸው። እዚያ የሚለጠፍ መሆኑ ብቻውን አያስከለክለውም። ግን ከደረቁ ታርጋ እኩል መስፈርት ማሟላት አለበት። የፊቱ ነጭ፣ የኋላው ቢጫ ይሆናል። ብርሃን ሲያርፍበት ያንጸባርቃል። የመኪና ከሆነ ፊደሉ 79 ሚሊ ሜትር ቁመትና 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ወዲህ የሚገጠም አዲስ ታርጋ ደግሞ ቢኤስ ኤዩ 145ኢ የተባለውን ደረጃ ማሟላትና የሻጩን ስምና የፖስታ ኮድ መያዝ አለበት። ያላሟላ እስከ 1,000 ፓውንድ ይቀጣል፤ ዓመታዊ ምርመራውንም ይወድቃል። ብዙዎቹ ስቲከሮች «ለትርኢት ብቻ» እየተባሉ የሚሸጡት ለዚህ ነው።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ታርጋ የሚሠራው የግል ሱቅ ነው። የተመዘገበ ሱቅ ነው፤ መታወቂያህንና የመኪናውን ወረቀት ሳያይ አይሠራልህም። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ጥያቄ «ስቲከሩ መስፈርቱን ያሟላል ወይ?» የሚል ነው። የእኔ ጥያቄ «ማን ሰጠህ?» የሚል ነው። ሁለታችንም ስቲከር ብንለጥፍ እንኳ የሚጠየቀው ለየቅል ነው።

ይሄን ሁሉ አውቄም ልቤ አልተመለሰም። ምትኩ ታርጋ እጄ ሲገባ አዲስ ዘዴ መጣልኝ። ዋናውን ቤት አስቀምጬ ስቲከሩን ለገጠር ብለጥፍስ? ትራፊክ ቢጠይቀኝ «ዋናው ቤት አለ» እላለሁ። አንድ ባጃጅ ነጂ ወደ መናኸሪያዋ ቤት መራኝ።

ልጁ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ስቲከር የሚቆርጠው ፕሎተር እየጮኸ፣ ሙዚቃው ከፕሎተሩ በላይ እየጮኸ፣ ሳያቆም ሰማኝና፣

«ጋሼ፣ ታርጋ አላትምም» አለኝ።

«ቁጥሩ እኮ የራሴ ነው። ሊብሬውን ላሳይህ?»

«ቁጥሩ የእርስዎ ነው። ነገ የተሰረቀ ሞተር ይዞ የመጣ ሰው የእርስዎን ቁጥር አትምልኝ ቢለኝስ?»

«ሌላ ቤት አትመውልኝ ነበር።»

«ታዲያ አሁን ለምን እዚያ አልሄዱም?»

ዝም አልኩ። ሙዚቃውን ቀነሰና ወጥቶ ሞተሯን አየ። ፓራፋንጎውን ይዞ ወዘወዘው። «ችግርዎ ስቲከር አይፈታውም» ብሎ ጎረቤቱን በያጅ ጠራ።

የሠሩልኝ ይሄ ነው። በያጁ ከታርጋው በትንሹ የሚበልጥ ላሜራ ቆረጠ። ላሜራውን በፕላስቲኩ ፋንታ ከሻሲው ጋር በብረት ክንድ አሰረው። ታርጋው ላሜራው ላይ ተኛ፤ በመካከላቸው ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ ገባ። በሁለት ብሎን ፋንታ አራት ሆነ፣ ሰፋ ያለ ሮንዴላና ውስጡ ናይለን ያለው ዳዶ ታከለበት። እንዲህ ያለው ዳዶ በንዝረት ቶሎ አይላላም። ቁጥሩን የሚሸፍን ነገር የለም።

ስቲከሩም አልቀረም። ጭነት መኪኖች በራቸው ላይ ቁጥራቸውን እንደሚጽፉት፣ በሴርባቶዮው (በነዳጅ ቋቱ) ግራና ቀኝ ቁጥሬን በትንንሽ ነጭ አኃዝ ለጠፈልኝ። ያውም ሊብሬውን አይቶ። ፓራፋንጎው ላይ ደግሞ ማታ የሚያንጸባርቅ ቀይ ጥብጣብ አደረገልኝ።

ልጁ ሥራውን ያውቃል። ብረቱን በአልኮል ወልውሎ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ ነው የለጠፈው። ጥጎቹን ሁሉ ክብ አድርጎ ቆረጣቸው፤ ሹል ጥግ ቶሎ ይነሣል። የሴርባቶዮው ጉብታ ላይ ሲደርስ በፀጉር ማድረቂያ እያሞቀ አለሰለሰው። ለሁለት ቀን እንዳላጥባት አስጠነቀቀኝ። ስለ ፓራፋንጎውም ቀድሞ ነገረኝ። «ይሄ ፕላስቲክ ማጣበቂያ አይወድም። ጥብጣቡ አንድ ቀን ይለቃል፤ ያኔ እንዳይቆጡኝ» አለ። የመጀመሪያው ስቲከሬ በትራፊኩ ጥፍር ለምን እንደተነሣ ያኔ ገባኝ። የሞተር ፓራፋንጎ ብዙ ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው የሚሠራው። ማጣበቂያ እሱ ላይ አይረጋም።

አሁን ወደ ብሶቱ። «ከሰዓት ይምጡ» ማለት ነገ ከሰዓት ማለት ነው። ስልክ አያነሣም። መቀመጫ የለም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ የጎሚስታው ጎማ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ከሁሉ የከፋው፣ በግራ በኩል የለጠፈው ቁጥር ላይ 1 መሆን የነበረበት 7 ሆኖ ነበር። ታርጋ አላትምም ብሎ የኮራብኝ ልጅ የሌላ ሰው ቁጥር ሊያስይዘኝ! ስነግረው ደንግጦ ወዲያው ላጠውና በነፃ ቀየረው። ደረሰኝ ጠይቄ በካርቶን ቁራጭ ጽፎ ሰጠኝ። ሴርባቶዮው ላይ ያለው የቀኙ ቁጥር በሦስተኛው ሳምንት ጫፉ ተነሣ። ይሄኛው የእኔ ጥፋት ነው፤ ነዳጅ ስሞላ አፈስሳለሁ፣ ቤንዚን ደግሞ ማጣበቂያውን ይበላዋል።

ዋጋው፣ ላሜራና ብየዳው 400 ብር፣ ቁጥሮቹ 350፣ ጥብጣቡ 150። በድምሩ 900 ብር። ከመጀመሪያው ስቲከር ሦስት እጥፍ ነው። ከክሱና ከቆመው ሥራዬ ጋር ሳሰላው ግን አፌን ይዘጋኛል። ለጥራቱ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ ለቀጠሮው አንድ። ከሄዳችሁ ጠዋት ሂዱ፤ ባጃጆቹ ሳይሰለፉ። ከመክፈላችሁ በፊት ቁጥሩን አንድ በአንድ አንብቡ።

ዲቲዋ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ በንሳ ደርሳ እንደተመለሰች አልቆጠርኩም። ጥብጣቡ እንደተባለው ለቋል። ባለፈው ሳምንት ቱላ ላይ ያው ትራፊክ አስቆመኝ። እሱ አላስታወሰኝም፤ እኔ አስታወስኩት። ወረቀቴን አየ። ወደ ኋላ ዞረና ታርጋውን በጣቱ አንኳኳው። ድው አለ።

«ሂድ» አለኝ።