ጥንታዊ የገበሬ ቤት ከነግጦሹና ከነጫካው ሲሸጥ፦ በሄረፎርድሺር የቀጠርነው ደላላ ድርጅት አገልግሎት

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በምዕራብ እንግሊዝ፣ ከዌልስ ወሰን አጠገብ በሚገኘው ሄረፎርድሺር ገጠር ውስጥ አንድ ጥንታዊ የገበሬ ቤት ከግጦሽ መሬቱና ከጫካው ጋር እንዲሸጥልን የቀጠርነው ደላላ ድርጅት የሰጠንን አገልግሎት ነው። ቤቱ የባለቤቴ ወላጆች ነበር። አማቴ ካረፉ በኋላ ባለቤቴና ወንድሟ የኑዛዜው አስፈጻሚዎች ሲሆኑ፣ ከደላላው ጋር መነጋገሩና ወረቀቱን መከታተሉ በእኔ ላይ ወደቀ። ቅሬታችን በስምምነት ስላለቀ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ፍርዴን ግን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ቤቱን አሳምረው ሸጠውልናል፤ መሬቱን ግን የቤቱ ጌጥ አድርገው ነው የቆጠሩት፤ ያስከተለብንም ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ቤቱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኦክ እንጨት የተዋቀረ ነው። በምሰሶዎቹና በአግዳሚዎቹ መካከል ያለው ግድግዳ በማገር ተሠርቶ ጭድ በተቦካበት ጭቃ የተመረገ ሲሆን፣ ከላዩ ኖራ ተለስኗል፤ ጭቃ ቤት ሲሠራ እያየ ያደገ አንባቢ አሠራሩን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። እንደ ዌብሊና ፔምብሪጅ ያሉት የአካባቢው መንደሮች የሚታወቁት በእንደነዚህ ያሉ ጥቁርና ነጭ ቤቶች ነው፤ እንጨቱን ጥቁር መቀባቱ ግን በአብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ፋሽን ነው። ከቤቱ ጋር 14 ኤከር ያህል ግጦሽና 5 ኤከር ያህል ጫካ አለ፤ አንድ ኤከር 4,047 ካሬ ሜትር ስለሆነ ጠቅላላው ወደ ስምንት ሄክታር ይጠጋል። በግጦሹ ላይ የሚሰማሩት ፊታቸው ነጭ፣ ገላቸው ቀይ የሆኑት የጎረቤት ገበሬ የሄረፎርድ ከብቶች ናቸው፤ እሳቸውም በየዓመቱ በሚታደስ የግጦሽ ውል ይከፍሉ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ፣ በሥራ ላይ ያለውም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ከደነገገ በኋላ፣ ግጦሽና ደን በደላላ በኩል ገበያ መውጣቱ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። በእንግሊዝ ግን መሬቱም፣ አጥሩም፣ በላዩ ያለው ዛፍም ይሸጣል። ልዩነቱ፣ ገዢው ከመሬቱ ጋር ሌሎች ሰዎች በመሬቱ ላይ ያላቸውን መብትና መንግሥት የጣለበትንም ግዴታ አብሮ መግዛቱ ነው። የጥሩ ደላላ ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ፎቶግራፍማ ማንም ያነሣል።

አጀማመራቸው የሚያስመሰግን ነበር። ለግምት የመጡት ከፍተኛ ባለሙያ ቤቱን ተቻኩለው አላዩም። ጣሪያው ሥር ወጥተው፣ የጥንት አናጢዎች እንጨቶቹን መሬት ላይ ካዘጋጁ በኋላ ሲያቆሙ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ለማወቅ በየመጋጠሚያው የቀረጿቸውን የሮማውያን ቁጥሮች በባትሪ እያበሩ አሳዩን። ከምድጃው በላይ ባለው አግዳሚ ላይም በኮምፓስ የተሠራ ባለ ስድስት ቅጠል አበባ የሚመስል ጭረት አገኙ፤ እንዲህ ያለው ምልክት ብዙ ጊዜ ክፉ መንፈስን ለመከላከል የተደረገ እንደሆነ ይታመናል። ባለቤቴ በዚያ ቤት ተወልዳ አድጋ አንድም ቀን ልብ ብላው አታውቅም ነበር። ሁለቱም ዝርዝሮች በሽያጭ መግለጫው ውስጥ ገብተው ነበር፤ ቤቱን ለማየት ከመጡት ሰዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ እነርሱ ነው።

ውሉን በተመለከተ ማንኛውም ሻጭ ቀስ ብሎ ማንበብ ያለበት ነገር አለ። የ1979 (እ.ኤ.አ.) የደላሎች ሕግ ኮሚሽኑና ሌላው ወጪ ሁሉ ሻጩ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ እንዲነገረው ያስገድዳል፤ ድርጅቱም ይህን በሚገባ ፈጽሟል። የጠየቁን 1.75 በመቶ ሲሆን፣ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከልበታል። ሆኖም የመጀመሪያው ረቂቅ ለድርጅቱ ‹‹ብቸኛ የመሸጥ መብት›› የሚሰጥ ነበር። ይህ ማለት ገዢውን እኛው ራሳችን ብናገኘው እንኳ ኮሚሽኑን እንከፍላለን ማለት ነው። ‹‹ብቸኛ ወኪልነት›› በሚባለው ውል ግን ሻጩ በራሱ ላገኘው ገዢ አይከፍልም። ጎረቤታችን ግጦሹን እንደሚፈልጉ ገና ከቀብሩ ሰሞን ጀምሮ ነግረውን ስለነበር ልዩነቱ ለእኛ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ውሉ ወደ ሁለተኛው ዓይነት እንዲለወጥና የጎረቤታችን ስም በጽሑፍ ተለይቶ እንዲቀመጥ ጠይቀን ያለ ብዙ ክርክር ተስማሙ።

ንብረቱ በአንድነት ወይም ተከፋፍሎ እንዲቀርብ የሰጡት ምክርም ትክክል ነበር። ጥንታዊ ቤት የሚፈልግ የከተማ ቤተሰብ ሁሉ 14 ኤከር ግጦሽ አይፈልግም፤ ከብት አርቢው ደግሞ ቤቱን አይፈልግም፤ ትንሽ ጫካ ብቻ ገዝቶ ቅዳሜና እሁድ እንጨት እየፈለጠ መዋል የሚያስደስተው ሰውም በዚያ አገር ሞልቷል። በዚህ ምክንያት ቤቱ ከአትክልቱና ከቅርቡ መስክ ጋር አንደኛ ድርሻ፣ የሩቁ ግጦሽ ሁለተኛ፣ ጫካው ሦስተኛ ሆነው ወጡ።

ችግሩ የተጀመረው ከዚሁ የክፍፍል ካርታ ነው። ጫካው ወደ ዋናው መንገድ የሚወጣው በሩቁ ግጦሽ በር በኩል ብቻ ሲሆን፣ ድርጅቱ ባዘጋጀው ክፍፍል ለሦስተኛው ድርሻ ገዢ የመተላለፊያ መብት አልተያዘለትም ነበር። ሁለቱ ለየብቻ ቢሸጡ ኖሮ የጫካው ባለቤት በግጦሹ ባለቤት መልካም ፈቃድ የሚኖር ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ጫካ አስተዋይ ሰው በግማሽ ዋጋም አይገዛውም። ጉድለቱን ያገኘው ጠበቃችን ነው። ርስቱ በቤተሰቡ እጅ ለረጅም ዘመን የቆየ ስለሆነ በመሬት መዝገብ ቤት አልተመዘገበም ነበር። በእንግሊዝና በዌልስ ሲሸጥ የማስመዝገብ ግዴታ በሁሉም አካባቢ ተፈጻሚ የሆነው ከታኅሣሥ 1 ቀን 1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ ያልተሸጠ ንብረት ማስረጃው በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያለ የቆየ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ጠበቃው እነዚያን ወረቀቶች አንድ በአንድ ሲያነብ በሩ የማን እንደሆነ አየ። ደላላው ግን ሣጥኑን እንድናሳየው እንኳ አልጠየቀም ነበር።

ጫካውን በሚመለከት መግለጫው ‹‹ማራኪ የጥንት ደን›› ብሎ አለፈው። እንግሊዝ ውስጥ ‹‹ጥንታዊ ደን›› ሲባል ከ1600 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሳይቋረጥ በደንነት የቆየ ማለት ነው፤ በፀደይ ወራት መሬቱን የሚያለብሰው ብሉቤል የተባለው ሰማያዊ አበባ አንዱ ፍንጭ ቢሆንም ማረጋገጫው የተመዘገበ ካርታ ነው። የእኛው ጫካ በካርታው ላይ ስለሚገኝ አነጋገሩ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ነገር ግን ገዢ ማወቅ የሚገባው ሌላው ነገር ተዘሏል። የራስ ዛፍም ቢሆን እንደ ልብ አይቆረጥም፤ ያለ ደን ኮሚሽን ፈቃድ በሩብ ዓመት መቁረጥ የሚቻለው በአጠቃላይ እስከ 5 ሜትር ኩብ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ለሽያጭ የሚውለው ከ2 ሜትር ኩብ ሊበልጥ አይችልም። አንድ ተመልካች ጫካውን አስመንጥሮ የፈረስ ሜዳ ስለማድረግ ሲያወራ፣ የድርጅቱ ወጣት ሠራተኛ ‹‹መልካም ሐሳብ ነው›› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የበለጠ ያሳዘነኝ የእግር መንገዱ ጉዳይ ነው። በቅርቡ መስክ ላይ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት፣ ማንም ሰው የመሄድ መብት ያለው የሕዝብ የእግር መንገድ ያልፋል። ይህ በአውራጃው ምክር ቤት ይፋዊ ካርታ ላይ የተመለከተ በመሆኑ ማንም በነፃ ሊያየው ይችላል፤ መግለጫው ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አንድ ባልና ሚስት በመስኮቱ ቆመው ስለ አካባቢው ጸጥታ ሲነገራቸው፣ ሁለት ውሻ የያዙ እግረኞች በአጥሩ ላይ ያለውን የእግረኛ መሰላል ተሻግረው፣ እጃቸውን አውለብልበው ሰላምታ ሰጥተው አለፉ። ባልየው ቤቱን ወደምታሳያቸው የድርጅቱ ሠራተኛ ዞሮ ምንም ሳይናገር ጠበቃት። መንገድ ያለበት ንብረት አይሸጥም ማለቴ አይደለም፤ የተደበቀ ሲመስል ግን ገዢው ሌላ ምን ተደብቋል ብሎ ይጠረጥራል። ለገዢ ውሳኔ አስፈላጊ የሆነን መረጃ አለመግለጽ ቀድሞም የተከለከለ ሲሆን፣ በ2024ቱ (እ.ኤ.አ.) የሸማቾች ሕግም ጸንቷል።

እነዚያ ሰዎች ያም ሆኖ ዋጋ አቀረቡ፤ የሄዱት በፍሳሹ ምክንያት ነው። ቤቱ ከከተማ የፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም፤ አሮጌ ሴፕቲክ ታንክ ነው ያለው፤ ከእሱ የሚወጣው ፈሳሽ በቱቦ ወደ ትንሿ ወንዝ ይገባ ነበር። ከጥር 1 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በእንግሊዝ እንዲህ ያለ ታንክ በቀጥታ ወደ ወንዝ መልቀቅ አይፈቀድለትም፤ መቀየር ወይም መሻሻል አለበት፤ ሻጭም ስለ ፍሳሹ ሥርዓት ለገዢ በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። በገጠር ቤት ሽያጭ ውስጥ ከዚህ የተለመደ ጥያቄ ያለ አይመስለኝም። አማቴ ስለ ታንኩ የተጻጻፉት ደብዳቤ ለድርጅቱ ባስረከብነው ማኅደር ውስጥ ነበረ። አንድ ሰው ገልጦ ቢያየው ኖሮ አስቀድመን አስተካክለን ወይም ወጪውን ከዋጋው ቀንሰን እንወጣ ነበር። ገዢዎቹ ነገሩን ከራሳቸው መርማሪ ሲሰሙ ሐሳባቸውን ለወጡ። በእንግሊዝ ሕግ ውል ተፈርሞ እስኪለዋወጡና አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ የሚሆነው ቀብድ እስኪከፈል ድረስ ማንም ወገን ያለ ቅጣት መውጣት ስለሚችል የምንለው ነገር አልነበረም።

ስለ ቤቱ ግን የተሰጠው ማብራሪያ ትክክለኛ ነበር። ቤቱ በቅርስነት፣ በሁለተኛ ደረጃ የተመዘገበ ነው። ባሕርዩን የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ከመሆኑም በላይ፣ የቀድሞ ባለቤት ያለ ፈቃድ የሠራውን አዲሱ ባለቤት እንዲያፈርስ ሊታዘዝ ይችላል፤ ለዚህም የጊዜ ገደብ የለውም። ድርጅቱ የምዝገባውን ጽሑፍ አያይዞ፣ አማቶቼ ያገኟቸውን ፈቃዶች በቅደም ተከተል አቅርቧል። በሰሜን በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ከብዙ ዓመታት በፊት የተለሰነው ሲሚንቶ ውኃ አፍኖ እንጨቱን እያበሰበሰ እንደነበርም ሳያድበሰብሱ ጽፈዋል፤ ኖራ እርጥበቱን ሲያስወጣ ሲሚንቶ ያምቀዋል። መርማሪው የእርጥበት መለኪያውን ግድግዳው ላይ ሲተክል የቆጠረው ቁጥር ከፍተኛ ቢሆንም፣ አስቀድሞ የተነገረ ስለነበር ማንም ዋጋ አልቀነሰበትም። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ለመሬቱም ቢያደርጉት ኖሮ ይህ ግምገማ በዚህ አንቀጽ ያበቃ ነበር።

ፍሳሹ ተስተካክሎ፣ መግለጫው ታርሞ፣ የመተላለፊያው መብት ከተጨመረበት በኋላ ንብረቱ እንደገና ወጣ። ሁለት ቤተሰቦች ሲፎካከሩ የመጨረሻ ዋጋቸውን በታሸገ ፖስታ እንዲያቀርቡ ተደረገ። ይህን የመሩት እነዚያው ከፍተኛ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ከዋጋው ጎን ለጎን የገንዘቡን ምንጭ፣ የራሱን ቤት ገና ያልሸጠ ማን እንደሆነና የሚፈልገውን ጊዜ በጽሑፍ አስቀርበዋል፤ እኛም በእሳቸው ምክር ዝቅ ያለውን ግን እርግጠኛውን ዋጋ መረጥን። አሸናፊዎቹ ቤቱን ከጫካው ጋር ወሰዱ፤ የሩቁ ግጦሽ ለጎረቤታችን ሆነ። በግጦሹ ላይ ወደፊት የቤት መሥሪያ ፈቃድ ቢገኝ ከጭማሪው ዋጋ ድርሻ እንድናገኝ የሚያደርገውን አንቀጽ ያሳሰበን ግን አሁንም ጠበቃው ነው፤ መንደር ዳር ላለ መሬት ይህን ማንሣት የደላላ የመጀመሪያ ሥራ ነበር።

በመጨረሻ ቅሬታችንን በጽሑፍ አቀረብን። በእንግሊዝ እያንዳንዱ ቤት ሻጭ ደላላ ከታወቀ የቅሬታ ሰሚ ተቋም ጋር የመመዝገብ ግዴታ ስላለበት፣ የድርጅቱ ምላሽ ካላረካን ወደዚያ መሄድ እንችል ነበር፤ አላስፈለገም። ስለ እግር መንገዱና ስለ ታንኩ ጥፋታቸውን አምነው ከኮሚሽኑ ላይ ቀነሱልን። በአትክልት የተከበበ ጥንታዊ ቤት ብቻ ላለው ሰው ይህን ድርጅት ያለ ማመንታት እጠቁማለሁ። ግጦሽና ጫካ ላለው ግን ኮሚሽኑ ከፍ ቢልም የግብርና መሬት ገማቾች ማኅበር አባል የሆነ ባለሙያ ያለበትን ድርጅት እመርጣለሁ፤ እሱንም ቢሆን ካርታውን ይዞ ከአጥር እስከ አጥር በእግሩ ሳይዞር ውሉን አልፈርምለትም።