ጅማ ስትሄዱ ከዘራ የያዙትን ጋሼ ጠይቁ

ከሚኒሶታ ጅማ የገባሁት ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ለምትሄዱ ይጠቅማችኋል ብዬ ያየሁትን ልጻፍ።

በረራው ጥሩ ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ተገላግላችሁ አባ ሰጉድ ኤርፖርት ዱብ ትላላችሁ። ሆቴሉ ግን አናደደኝ። ሙቅ ውሃ አለ ብለውኝ ሦስቱንም ቀን በቀዝቃዛ ታጠብኩ፤ ስጠይቅ "አሁን ይመጣል" ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም። ከመክፈላችሁ በፊት ቧንቧውን ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ። የባጃጅ ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ ጅሬን ቤተ መንግሥት ድረስ አድርሰው ጠብቀው ይመልሷችኋል።

ልጽፍ የተነሳሁት ግን ስለ አንድ ሰው ነው።

የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ዕቃዎች ያሉበት ሙዚየም ገብቼ ጋሻና ጦሩ ጋ ቆሜ ሳለሁ፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት "ልጄ፣ ላስረዳሽ?" አሉኝ። ደሞዝተኛ አይደሉም። ወታደር ሆነው ኦጋዴን ዘምተዋል፣ ከዚያ ፖሊስ ሆነው ጡረታ እስኪወጡ አገልግለዋል፣ አሁን በፈቃዳቸው እየመጡ እንግዳ ያስጎበኛሉ፤ ከእኔ በፊት የነበሩትን ተማሪዎች በኦሮምኛ፣ እኔን በአማርኛ። ጋሻ ለጦር ቀጥ ተደርጎ ሳይሆን አዘንበል ተደርጎ እንደሚያዝ በባዶ ክንዳቸው አሳዩኝ። ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል፣ ግን አላወረዱትም።

"አባቴም ካራማራ ነበር" አልኳቸው።

"የትኛው ክፍል?"

አላውቅም። አባቴ ስለዚያ ጦርነት አንድም ቀን ሳይነግረኝ ነው ያረፈው።

ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ሠራዊቱ የለመደው የአሜሪካን ኤም ዋን ጠመንጃ እንደነበር፣ ሶማሊያ በ1969 ስትወረን አሜሪካ ፊቷን አዙራ የሩሲያ መሣሪያ እንደመጣ፣ ጥይት እየጮኸ አዲስ ጠመንጃ መፍታትና መግጠም እንደተማሩ ነገሩኝ። ካራማራ የካቲት 26 ቀን 1970 ድል ሲሆን የቀረቻቸውን ውሃ በኮዳ ክዳን እየለኩ ለሰባት ተካፈሉ። ይሄን ሲሉ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው መሃል የክዳኑን ስፋት ለክተው አሳዩኝ፤ አባቴም ከዚያች ክዳን የጠጣ መሰለኝ።

ስለ ጀግንነት ያወራሉ ብዬ ስጠብቅ ወደ ንጉሡ ተመለሱ። "እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው ሰውየው ለምኒልክ ገብረው ጅማን ከጦር ማዳናቸውን ነው። በራሷ ሰው እየተዳደረች ኖረች። ጦርነት ያየ ሰው ይሄ ይገባዋል።"

ብር ብሰጣቸው ተቆጡ። ቡና ግን እሺ አሉኝ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ማስታወሻ ደብተር አውጥተው የአባቴን ስም እስከ አያቱ፣ የእኔንም ስልክ ጻፉ፤ አብረዋቸው የዘመቱትን ሊጠይቁልኝ።

ጠዋት ጠዋት ነው የሚመጡት። ስትሄዱ አትቸኩሉ፣ ልጆቻችሁንም ውሰዱ። የማላውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር ሮጬ አነሳለሁ።