ከቶክባክ ጋር ከግማሽ ዓመት በላይ፦ የወደድኩትና ያማረረኝ

ዓይነ ስውር ነኝ። ስልኬን የምጠቀመው በቶክባክ ነው። ቶክባክ አንድሮይድ ላይ ያለ ስክሪን ሪደር ነው፤ ጣቴ ያረፈበትን ሁሉ ያነብልኛል። ያሁኑን ስልክ ከያዝኩ ግማሽ ዓመት አልፎኛል። ስልኩን ወድጄዋለሁ። አፕ ሠሪዎች ላይ ግን ቅሬታ አለኝ።

ድሮ ገንዘብ ለመላክ ሰው ለምኜ፣ ፒኔን ጭምር እነግረው ነበር። አሁን ኢርፎን ሰክቼ ቁጥሮቹን በጣቴ እየዳሰስኩ እሰማለሁ፤ የምፈልገው ላይ ስደርስ ሁለቴ መታ አደርጋለሁ። በሦስት ጣት ስነካ ሜኑ ይከፈታል፤ እዚያ ውስጥ ስክሪኑን መደበቂያ አለ። እሱን ሳበራ ስክሪኑ ይጨልማል፤ አጠገቤ ያለ ሰው አንገቱን ቢያሰግግ ምንም አያይም። እኔ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ይቺን ነገር በጣም ነው የምወዳት!

አማርኛ የምጽፈው በብዛት በድምፅ ነው። ፈጣን ነው፤ ግን ሰው መሀል ሆኖ ሚስጥር አይጻፍበትም። አማርኛ ለማንበብ ኢስፒክ ኤንጂ የሚባል ነፃ ድምፅ አለ። ደረቅ ነው፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውንም ያምታታል። ጆሮ ይለምደዋል።

ለታሸገ ዕቃ ቢ ማይ አይስ የሚባለውን አፕ እከፍታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀመር በጎ ፈቃደኞች በቪዲዮ እያዩ የሚያነቡበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ፎቶ የሚገልጽ ኤአይ ተጨመረበት። ኤአዩ ለሻይ ቅጠልና ለሻምፑ ይበቃኛል። መድኃኒት ላይ ግን አላምነውም። የሚያብለጨልጭ የክኒን ማሸጊያ ላይ ያልተጻፈ ቀን በልበ ሙሉነት ሊነግራችሁ ይችላል። ለዚያ ሰው እጠራለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የምጠቀምበት አንድ የክፍያ አፕ አፕዴት ተደረገና መላኪያው ቁልፍ ስሙን አጣ። ጣቴን ሳሳርፍ «ስም የሌለው ቁልፍ» ብቻ። አጠገቡም እንደዚያው። የቱ ይልካል፣ የቱ ይሰርዛል? ቶክባክ ራሴ ስም እንድሰጠው ይፈቅድልኛል፤ ግን ምን እንደሚሠራ ሳላውቅ ምን ልበለው? ለአንድ ፕሮግራመር ይሄ የአንድ መስመር ሥራ ነው። እኔን ግን መልሶ ፒኔን ለሰው ወደመናገር ወሰደኝ። ደጋግሜ ጻፍኩላቸው፤ «እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣ፣ ቁልፉ ግን እንደነበረ ነው።

ባትሪው ደህና ነው፤ ካሜራውም ይበቃል።

ልትገዙ ካሰባችሁ የጣት አሻራ ማንበቢያው ጎን ላይ ያለውን ምረጡ። ስክሪኑ ስር ያለው በዳሰሳ አይገኝም። ከመክፈላችሁ በፊትም ቶክባክን አስከፍታችሁ፣ የምትጠቀሙባቸውን አፖች እዚያው ሞክሯቸው።