ከጠረጴዛው ስር ያለውን ሳታዩ ስፒከር እንዳትገዙ

13,500 ብር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መገናኛ ሄጄ በገዛ እጄ አስረክቤ የመጣሁት ነው። ዛሬ ሰኞ ልመልስ ሄጄ ተዋርጄ ተመለስኩ። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ከበረደ "ተይው በቃ" ብዬ እንደምተወው ራሴን አውቃለሁ።

የሱቁን ስም አልጠራም። ደግሞም ታውቋቸዋላችሁ። ከሕንጻው መግቢያ ጀምሮ "እህት ምን ፈለግሽ? ላፕቶፕ? ስልክ? ፕሪንተር?" እያለ የሚከተል ልጅ አለ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም፣ መስታወት በመስታወት የሆነ ሱቅ አለ። ግድግዳው ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። ጥግ ላይ ስልኩን እየነካካ ቀና የማይል ባለቤት ተቀምጧል። የትኛው እንደሆነ ብነግራችሁ እንኳ ጎኑ ያለው ጋ ገብታችሁ ትሸወዳላችሁ።

የሚያበግነኝ ምን መሰላችሁ? እኔ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። እንጀራዬ ድምጽ ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ የሰዎችን ቃለ መጠይቅ፣ ማስታወቂያ፣ አንዳንዴም የሰርግ ቪዲዮ ድምጽ አስተካክላለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሠራሁ። ማታ ማታ ጆሮዬ መጮህ ሲጀምር ነው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ አምፕሊፋየሩ በውስጡ ያለ፣ ከላፕቶፕ ጋር በቀጥታ የሚሰካ ትንሽ ስፒከር ልግዛ ያልኩት።

ተዘጋጅቼም ነበር። ልቤ ያረፈው ኤዲፋየር አር1280ቲ ላይ ነው። ትልቁ ድምጽ ማውጫው 4 ኢንች፣ ትንሹ 13 ሚሊ ሜትር፣ ሳጥኑ የታመቀ እንጨት፣ ኃይሉ የሁለቱ ተደምሮ 42 ዋት። በር ዘግቶ ለሚሠራ ሰው ይበቃል፣ ይተርፋልም። ብር ቢተርፈኝ ደግሞ ፕሪሶነስ ኤሪስ ኢ3.5ን አስቤ ነበር፤ እሱ ለስቱዲዮ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው። እሱም ቢሆን የሚያወጣው ድምጽ ከ80 ኸርዝ ጀምሮ ነው የሚለው አምራቹ ራሱ (ኸርዝ የድምጽ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምጹ ይወፍራል)። ይቺን 80 ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቅዳሜ ሱቁ ስገባ ኤዲፋየሩ ነበረ። 21,000 አሉኝ። ጎኑ ግን ሌላ ጥንድ ተቀምጧል። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሰማያዊ መብራት ያለው፣ መዳፌን የሚያክል። ካርቶኑ ላይ "600 ዋት" ይላል። ዋጋው 13,500።

"እህቴ፣ ስም ነው የምትገዢው ወይስ ድምጽ?" አለኝ ሻጩ ልጅ።

ይቺን ንግግር ስንት ሰው ላይ እንደሞከራት እንጃ። እኔ ላይ ሠርታለች። "ላሰማሽና ጆሮሽ ይፍረድ" አለኝ። ጆሮዬ! ለኔ ለባለሙያዋ! ደስ አለኝ እኮ።

መጀመሪያ ኤዲፋየሩን ከፈተው። ከበሮና ቤዝ ብቻ የሆነ የውጭ ዘፈን ነው። ድምጹን ዝቅ አድርጎታል። ንጹሕ ነው፤ ግን ቀጭን ሆነብኝ። "ይኸው ነው እንግዲህ" አለኝ፣ የሚሸጠው የጎረቤቱን ዕቃ ይመስል ፊቱን አጨፍግጎ። ከዚያ ገመዱን ነቅሎ ወደ ትንሹ ዞረ። ሲዞር በእግሩ የሆነ ነገር ገፋ አደረገ። "ዱፕ" የምትል ድምጽ ሰማሁ። ስፒከር ሲበራ የምትሰማዋ "ዱፕ" ናት፤ ስቱዲዮ የገባ ሰው ሁሉ ያውቃታል፣ እኔም አውቃታለሁ። ግን ደረጃው ላይ ካርቶን የወደቀ መስሎኝ አለፍኳት። ዘፈኑ ጀመረ። ደረቴን መታኝ። መስታወቱ ውስጥ የተደረደሩት ቻርጀሮች ሁሉ ተንቀጠቀጡ።

"600 ዋት ነዋ!" አለኝ።

የራሴን ፋይል ልስማበት ብዬ ፍላሼን አወጣሁ። "ቫይረስ ይገባብናል" አለ። እሺ አልኩ። ካርቶኑን ከፍተህ አሳየኝ ስለው "እሽጉ ከተከፈተ አንቀበልም" አለ። እሺ አልኩ። "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ? በደረሰኝ ከሆነ 15 ፐርሰንት ይጨመራል" ሲለኝማ ራሴን ብልጥ አድርጌ "ያለ ደረሰኝ" አልኩት። 2,025 ብር ያተረፍኩ መስሎኝ። ገንዘቡን ያስገባሁት እንኳ በሱቁ ስም አይደለም፣ በአንድ ግለሰብ ሒሳብ ነው። አሁን ስጽፈው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ቤት ገብቼ ሰካሁት። መጀመሪያ የከፈትኩት ስሠራበት የሰነበትኩትን ቃለ መጠይቅ ነው። ሰውዬው በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚናገር መሰለ። ሙላቱ አስታጥቄን ከፈትኩ። ቫይብራፎኑ ይሰማል፣ ቤዙ የለም። አነሰ ማለቴ አይደለም፣ የለም። ገመድ ቀየርኩ፣ ሶኬት ቀየርኩ፣ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ አስጠጋሁ። ምንም።

ያኔ ነው የኃይል መስጫዋን ገልብጬ ያየኋት። 12 ቮልት፣ 1.5 አምፒር ይላል። አባዙት። 18 ዋት ነው። ከሶኬቱ 18 ዋት እየተቀበለ 600 ዋት የሚያወጣ ዕቃ ካለ መብራት ኃይል ይግዛውና ለአገር ይበቃናል።

አሁን ወደ 80ዋ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ነው። ለስቱዲዮ የተሠራው ባለ 3.5 ኢንቹ ከ80 ጀምሮ ከሆነ፣ መዳፌን የሚያክል የፕላስቲክ ሳጥን ደረት የሚመታ ቤዝ ከየት ያመጣል? አያመጣም። ይህን ደግሞ ሱቁ ውስጥ ቆሜም አውቀዋለሁ። ድምጽ ዝቅ ሲል ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቤዙን እንደሆነም፣ ሁለት ስፒከር ሲወዳደር ጮክ ያለው ሁሌ የተሻለ እንደሚመስልም አውቃለሁ። ለሌላ ሰው ሳስረዳ ኖሬያለሁ። ግን ደረቴ ሲመታ እውቀቴ ወዴት እንደሄደ እንጃ።

እሁድ የሰፈራችን ራዲዮ ጠጋኝ ጋ ይዤው ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አራቷን ብሎን ፈቱ። ከላይ ያለችውን ትንሿን ክብ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ነካ ነካ አደረጓት። ከኋላዋ ሽቦ የለም። በሙጫ የተለጠፈች ፕላስቲክ ናት። "ልጄ፣ ይቺ ለጌጥ ናት" አሉኝና መልሰው ገጠሙልኝ። የሠሩበትንም አልተቀበሉኝም። የሳቸው ማዘን ከገንዘቡ በላይ አሳፈረኝ።

ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሱቁ ደረስኩ። ከፊቴ ጥቁር ቦርሳ ያዘለ፣ ተማሪ የሚመስል ልጅ ቆሟል። ተራዬን ልጠብቅ ብዬ በር ላይ ቆምኩ። "ወንድሜ፣ ስም ነው የምትገዛው ወይስ ድምጽ?" ሲለው ሰማሁ። ጆሮዬ ቆመ። ያው ዘፈን። መጀመሪያ ኤዲፋየሩ፣ ዝቅ ብሎ። "ይኸው ነው እንግዲህ።" ያው አጨፍጋጊ ፊት። ገመዱን ነቀለ። ዞረ።

አሁን ዓይኔ እግሩ ላይ ነው። ነጭ ስኒከር አድርጓል። የቀኝ ጫማው ጫፍ ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ስር ገባ። መሬት ላይ ያለች ኤክስቴንሽን አለች፤ ማብሪያዋን በጫማው ጫፍ ጫን አደረጋት። ቀይ መብራት በራች። "ዱፕ"።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የ20 ሊትር ጄሪካን የሚያክል ጥቁር ሰብዉፈር፣ ማለትም ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፣ በባዶ ካርቶኖች ተሸፍኖ ተቀምጧል። ጎኑ የተቀደደች ቀዳዳ አለች፤ ድምጹ እንዲወጣ መሆኑ ነው። ለዚህ እንኳ ተጨንቀውበታል።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኩ። ጮህኩ መሰለኝ፤ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ሰው ብቅ አለ።

ልጁ አልደነገጠም። ቢደነግጥ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። ፈገግ አለና "የሱቁ ነው፣ ለሙዚቃ ነው" አለኝ። ቅዳሜ የሸጥክልኝ ይሄ ነው ብዬ ካርቶኔን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። 18 ዋቱን አሳየሁት። ጌጧን አሳየሁት። "እናት፣ ይሄ የቴክኒክ ነገር ነው፣ ላንቺ ይከብዳል። ወንድምሽ ወይ ባልሽ ይምጣና እናስረዳው" አለኝ። ሦስት ዓመት በድምጽ የምተዳደረዋን!

ባለቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኩ ቀና አለ። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በአገጩ አሳየኝ። ሕግ አለ፣ እከሳለሁ ስለው ድምጹን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ በጣም ትሁት ሆኖ፣ "ደረሰኝ አለሽ እህቴ?" አለኝ።

ሁለቱም ሳቁ። ሙድ ያዙብኝ።

ሕግማ አለ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የግድግዳው ወረቀት አያስፈራችሁ። ግን እኔ ከማን ገዛሁ ልበል? በእጄ ያለው ለማላውቀው ሰው ሒሳብ ብር እንዳስገባሁ የሚያሳይ የስልክ ስክሪን ሹት ነው። ለኔ ለብልጧ።

ለምትገዙ፦ በደረሰኝ ግዙ። የራሳችሁን ፋይል፣ በተለይ የሰው ንግግር፣ ከራሳችሁ ስልክ አሰሙት። የሁለቱን ድምጽ እኩል አስደርጉ። የካርቶኑን ዋት ትታችሁ የኃይል መስጫውን ቮልትና አምፒር አባዙ። እና ጎንበስ ብላችሁ ከጠረጴዛው ስር እዩ፤ ማፈር አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልርሳ እንዴ? ያ ተማሪ። እኔ ስጮህ፣ እነሱ ሲስቁ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ሰብዉፈሩን አየው አየውና "እና ይሄ አብሮ ነው የሚሸጠው?" አለ። ሻጩ ወዲያው ወደሱ ዞረ፤ "ለብቻው ነው፣ ግን ላንተ እናስተያያለን።" ስወጣ ዋጋ እየተከራከሩ ነበር። ወንድሜ፣ ባለ ጥቁር ቦርሳው፣ ይህን ካነበብክ እባክህ ንገረኝ፦ በስንት ተስማማችሁ?